ጤፍን በድምፅ ማንሳት፦ የሥራ ማስታወሻ ከአዳማ

ዓላማው

በ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ (በሰከንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ) ትንንሽ ነገሮችን ያለ ክርና ያለ ማግኔት አየር ላይ ማቆም፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የሞገድን ምዕራፍ ለዓመታት ያስተማርኩት በጠመኔ ብቻ ነው። ድምፅ ዕቃ ሊገፋ፣ ሊይዝም እንደሚችል ተማሪዎቼ በዓይናቸው እንዲያዩ እፈልጋለሁ። ሁለት ሰዎች ያግዙኛል፤ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር የሚጠግኑት ጎረቤቴ ጋሼ፣ እና 11ኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ።

መነሻችን ቲኒሌቭ የሚባለው ንድፍ ነው። አሲየር ማርዞና ሁለት ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 ለሁሉም ክፍት አደረጉት። 72 ትራንስዱሰር (ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ ድምፅ ማውጫ)፣ አንድ አርዱዊኖ ናኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ አንድ የሞተር ድራይቨር (ደካማውን ምልክት የሚያጎላ ሰሌዳ)፣ በቃ። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። ቡክስ እና ሙለር የተባሉ ጀርመኖች ጠብታን በድምፅ ያንሳፈፉት እ.ኤ.አ. በ1933 ነው።

ደረጃ 1፦ ሁለት አይን ብቻ

ብዙ ትራንስዱሰር ከመግዛታችን በፊት በሁለት መጀመር መረጥን። ርቀት የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር አይጠፋም፤ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ለፕሮጀክት ስለሚፈልጉት ሱቆች ያስመጡታል። ፊቱ ላይ ሁለት አይን አለው። ቲ የተጻፈበት ድምፅ ይለቃል፣ አር የተጻፈበት ይቀበላል። የፈለግነው ቲውን ስለሆነ ሁለት ሴንሰር ገዛን። አሮቹ ለሌላ ቀን ተቀምጠዋል።

ወጪ፦ ሴንሰር አንዱ 400 ብር፣ ናኖ 1,100 ብር ገደማ፣ ኤል298ኤን ድራይቨር 600 ብር። ባለ 12 ቮልት አዳፕተሩን ጋሼ ከተበላሸ ሪሲቨር አውጥተው በነፃ ሰጡኝ።

ኮዱን የጻፈችው የእህቴ ልጅ ናት። ናኖው በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። በ40 ኪሎኸርዝ አንድ ዑደት 25 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል፤ ይህ በናኖው ምት 400 ይሆናል። 200 ምት ከፍ፣ 200 ምት ዝቅ። ፒኖቹን (የናኖውን እግሮች) ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የተለመደው የዲጂታል ራይት ትእዛዝ ለዚህ ይዘገያል፣ ሰዓቱም ይንሸዋረራል። ስለዚህ ብዙ ፒኖችን በአንድ ጊዜ በሚያዝዘው ፖርት በኩል በቀጥታ ነው የጻፈችው። ድራይቨሩ የናኖውን 5 ቮልት ተቀብሎ በአዳፕተሩ ጉልበት ትራንስዱሰሮቹን ይነዳል።

ሁለቱን አይኖች ፊት ለፊት አድርገን ጣውላ ላይ በትኩስ ሙጫ ለጠፍናቸው። አንደኛው ከሥር ነው፣ ሁለተኛው ከላይ። የላይኛው ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሄድ ረጅም ብሎን ላይ አሠርነው። ይህ ብሎን ነው ሥራውን ያዳነው። ክፍተቱን በግምት 2 ሴንቲ ሜትር አድርገን ኤሌክትሪኩን ስንሰጠው ምንም አልተነሳም። ጋሼ ጠጋ ብለው ጆሯቸውን ሰጡ።

«መምህር፣ ይሄ ነገር ድምፁ የታለ?»

«አለ፣ ጋሼ። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ አይሰማም እንጂ እየጮኸ ነው።»

«እንግዲያው ጉልበት ጨምርበት።»

ጉልበት ሳይሆን ርቀት ነበር የጎደለው። ብሎኑን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር ስናዞረው አንድ ቦታ ላይ ፎሟ ፒንሰቱን ለቃ አየር ላይ ቀረች። ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣች፣ ከ2 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ነጭ የፎም ፍሬ። ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ቀጥ አለች። ጋሼ ወረቀት ከሥሯ አሳለፉ፣ ከላይዋም አሳለፉ። ክር ፍለጋ ነበር።

ለምን እንደሚይዝ

ይህን ክፍል ለክፍሌም እንዲሆን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሁለት እኩል ሞገዶች ከተቃራኒ አቅጣጫ ሲገናኙ ቋሚ ሞገድ ይፈጠራል። አንዳንዱ ቦታ ላይ የአየሩ ግፊት በኃይል ይወዛወዛል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ግን ግፊቱ ምንም አይለወጥም። ግፊቱ የማይለወጥበት ቦታ ኖድ ይባላል። ከአየር በጣም የሚከብድ ትንሽ ነገር ወደ ኖዱ ይገፋል። ስበት ደግሞ ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ ዕቃው የሚቀመጠው ልክ ኖዱ ላይ ሳይሆን ከኖዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ጎርኮቭ ደግሞ በ1962 ይህን ኃይል በሒሳብ አስቀምጠውታል።

በኖድና በኖድ መካከል የሞገዱ ግማሽ ርዝመት አለ። በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድምፅ በሰከንድ 347 ሜትር ተኩል ገደማ ይጓዛል። ለ40,000 ሲካፈል የሞገዱ ርዝመት 8.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሹ 4.35። ዕቃው ከዚህ ግማሽ በደንብ ማነስ አለበት። ሰው ይነሳል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ እዚሁ ላይ ነው።

ሁለት አይን ብቻ ሲሆን ድምፁ በሁለቱ ጠንካራ ፊቶች መካከል እየተመላለሰ ይነጥራል። ክፍተቱ ከግማሽ ሞገዶች ሙሉ ቁጥር ጋር ካልገጠመ የሚመላለሰው ድምፅ ራሱን ያዳክማል። ጠዋት የቆመው ፎም ከሰዓት በኋላ የወደቀውም በዚህ ነው። የድምፅ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይጨምራል። በ18 ዲግሪ የሞገዱ ርዝመት 8.56 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ30 ዲግሪ 8.74። አምስት ግማሽ ሞገድ በሚይዝ ክፍተት ላይ ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይቃረባል። የአዳማን ጠዋትና ከሰዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ የየዕለት ነገር ነው። ብሎኑን ትንሽ ማላላት ይበቃል።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። የድምፅ ፍጥነት በዚህ አይለወጥም። አየሩ ግን ባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሚገፋበት ጉልበት ያንሳል። የውጭ ሰዎች ይህን ያህል ቮልት ይበቃል ሲሉ ትንሽ ጨምሬ ነው የማነበው።

ደረጃ 2፦ 36 ትራንስዱሰር

ሙሉውን 72 መግዛት አልቻልንም። 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን፣ በአንድ ወገን 18፣ በጠቅላላ 36 ለመጠቀም ወሰንን። ከመሃል 6፣ በዙሪያው 12። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳው ለስሪንጅና ለማየት በጣም ይጠቅማል።

ትራንስዱሰሮቹን ለብቻቸው ለማግኘት በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ሄጄ መርካቶ ውስጥ ጠየቅሁ። ከቻይና ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ መጠባበቂያ ጨምሮ አመጣልኝ። ወደ 6,000 ብር ሆነ። ከሁሉም ውድ ወጪ ይህ ነው። ትራንስዱሰሮቹ የሚሰኩባቸውን ሁለት ጎድጓዳዎች በስሪ ዲ ፕሪንተር አሳተምኳቸው፣ ለሁለቱ 2,500 ብር። ጎድጓዳ የሆኑበት ምክንያት አለ። የሉል ቁራጭ ስለሆኑ ከእያንዳንዱ ትራንስዱሰር እስከ መሃል ያለው ርቀት እኩል ነው። ሁሉም ድምፅ መሃል ላይ አብሮ ይደርሳል።

አብሮ መድረስ ብቻ ግን አይበቃም፣ አብሮ መግፋትም አለበት። እያንዳንዱ ትራንስዱሰር ሁለት እግር አለው፤ አንደኛው በምልክት ፖዘቲቭ ተብሏል። ምልክቱን ማመን አይገባም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛዬ ባለ ሁለት ቻናል ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) አዋሰኝ። አንዱን ትራንስዱሰር ድምፅ እንዲለቅ አደረግን። የሚፈተኑትን ሁሉ በተራ በተራ አንድ ቦታ ላይ ፊት ለፊቱ አስቀመጥን። በአንደኛው ቻናል የሚለቀቀውን፣ በሁለተኛው የተቀበልነውን አየን። የሞገዶቹ ጫፎች እንደ ሌሎቹ ከገጠሙ እግሩን በቀይ ማርከር ምልክት አደረግን። ከተገለበጡ ሌላኛውን እግር። ጥቂቶቹ ከፋብሪካ ምልክታቸው ተገልብጦ ነው የመጡት።

ይህ ምርመራ አሰልቺ ነው፣ ግን ሊዘለል አይገባም። ከ18ቱ 3ቱ ተገልብጠው ቢታሰሩ እነሱ ከመግፋት ቀርተው የሌሎቹን 3 ጉልበት ያጠፋሉ። የሚቀረው የ12 ትራንስዱሰር ግፊት ነው። የሚያነሳው ኃይል ደግሞ በግፊቱ ስኩዌር ይሄዳል። ሁለቱም ወገን እንዲህ ከሆነ ኃይሉ ወደ 44 በመቶ ይወርዳል። ማለትም ከስድስት አንዱ ስለተጣላ ብቻ ከግማሽ በላይ ጉልበት ይጠፋል። ድምፅ ሲስማማ ነው የሚያነሳው። ቮልት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ብየዳው የጋሼ ነው። ከጎድጓዳው ጀርባ እግሮቹን በራቁት የመዳብ ሽቦ ቀለበት በቀለበት አያያዙ፣ ቀይ ከቀይ ጋር። ካውያው እግሩ ላይ ከ3 ሰከንድ በላይ እንዳይቆይ ነገርኳቸው፤ ውስጡ ያለው ፒዞ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚርገበገበው ክፍል) ሙቀት አይወድም። እሳቸው ካውያውን ከነኩበት ፍጥነት እኔ ሽቦ ማቀበል አቅቶኝ ነበር።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ማብራት፣ ሙቀትና ነፋስ

ቮልቱን ዝቅ አድርገን በ7 ጀመርን። ሁለቱ ጎድጓዳዎች ፊት ለፊት፣ በመካከላቸው 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ፎም ወዲያው ተያዘ፣ ያውም በአንድ ቦታ ሳይሆን በበርካታ ኖዶች ላይ በአንድ ጊዜ። ፎሞቹ በቀጥታ መስመር አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ቆሙ። ጎረቤት ሕፃናት በር ላይ ተሰበሰቡ።

ወደ 12 ቮልት ስናወጣው ኃይሉ ሦስት እጥፍ ሊሆን ይቃረባል፣ በስኩዌር ስለሚሄድ። ድራይቨሩ ግን ጋለ። ኤል298ኤን ሞተር ለመንዳት የተሠራ ነው፤ የአምራቹ ሰነድ የፍጥነቱን ጣሪያ 40 ኪሎኸርዝ ላይ ያደርገዋል። እኛ ጣሪያው ላይ ነን። ጋሼ ከአሮጌ አምፕሊፋየር ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) ፈተው ጨመሩበት። ፋን መግጠም ይቻል ነበር፣ ግን ፋኑ ዕቃውን ይነፍሰዋል።

ነፋስ የሚለው ቃል እዚህ ከተማ ቀላል አይደለም። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች በአዳማ አንድ 51፣ በአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። በበጋ በር ስትከፍት አቧራው ቀድሞህ ይገባል። ፎም ደግሞ ቀላል ስለሆነ በመስኮት ስንጥቅ በገባ ነፋስ እንኳ ይበራል። ካርቶን ቆርጠን ሦስቱን ጎን ሸፈንን፣ አራተኛውን ግልጽ ፕላስቲክ አደረግነው። ፕላስቲኩን ስናስጠጋው ድምፁ ከሱ ላይ እየነጠረ ዕቃውን ወደ ጎን ማወዛወዝ ጀመረ። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ አድርገን የካርቶኑን ውስጥ በፍራሽ ስፖንጅ ስንለብጠው ጸጥ አለ።

ለሚሞክር ሰው ማሳሰቢያ፦ በጎድጓዳዎቹ መካከል ያለው ድምፅ ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው። አይሰማም ተብሎ ጆሮ አይቀረብም። ጋሼንም ከልክያቸዋለሁ። ውሻ እስከ 45፣ ድመት እስከ 64 ኪሎኸርዝ ስለሚሰሙ ክፍሉ ውስጥ መሆን የለባቸውም።

ደረጃ 4፦ ጤፍ

«አጎቴ፣ ጤፍ ይነሳል?» አለች የእህቴ ልጅ።

ፎም ማንሳት ብዙ አያስደንቅም የሚል ሰው አይጠፋም። የፎም እፍግታ በሊትር 20 ግራም ገደማ ነው። ጤፍ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ስለዚህ በሊትር ከ1,000 ግራም በላይ ነው። ከ50 እጥፍ በላይ ይከብዳል። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፣ ግን ትንሽነቱ አይረዳውም። የድምፁም ኃይል፣ የዕቃውም ክብደት ሁለቱም ከመጠኑ ጋር አብረው ስለሚያንሱ ወሳኙ እፍግታው ነው። ቲኒሌቭ በሊትር እስከ 2,200 ግራም የሚመዝን ነገር ያነሳል ተብሏል፣ በ72 ትራንስዱሰር። እኛ ግማሹን ቁጥር ነው የያዝነው፤ ትራንስዱሰሮቻችን ግን ሰፋ ያሉ ናቸው።

በፒንሰት ማስቀመጥ አልተቻለም። ብረቱ ራሱ ድምፁን ያንጸባርቅና ኖዱን ያዛባዋል፣ ፍሬዋም ትበራለች። መፍትሔው የሻይ ማጥለያ ሆነ። ጥልፉን ቆርጠን የሽቦ እጀታ አበጀንለት። ድምፁ በቀዳዳዎቹ ያልፋል። ፍሬዎቹን ጥልፉ ላይ በትነን ከሥር ወደ ላይ ቀስ አድርገን ስናሳልፈው ኖዱ ጋ ሲደርስ ፍሬዎቹ ከጥልፉ ይነሳሉ። ጥልፉን ወደ ታች ስንስበው እነሱ ይቀራሉ።

በ9 ቮልት ምንም። በ10 ፍሬዎቹ ጥልፉ ላይ መዝለል ጀመሩ። በ12 አንዷ ነጭ ጤፍ ቀረች።

በእጅ ሌንስ አየኋት። ፍሬዋ ረዘም ያለች ስለሆነች ቀጥ ብላ አልቆመችም። በጎኗ ተጋድማ አግድም ሆነች፣ ከዚያ በዝግታ መዞር ጀመረች። ረዘም ያለ ነገር በቋሚ ሞገድ ውስጥ ከድምፁ መስመር ጋር ተሻግሮ መተኛት ይወዳል። ጫፏ ላይ ያለችው ጠቆር ያለች ነጥብ፣ ጽንሷ ያለበት ቦታ፣ በየዙሩ ወደ እኔ ትመጣና ትሄዳለች። ጤፍን ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ፤ አንድ ፍሬን ለብቻዋ፣ ከሁሉም አቅጣጫ ግን አይቼ አላውቅም። ለዚህ ብቻ እንኳ ሥራው ይገባው ነበር።

ቀዩም ጤፍ ተነሳ። የበርበሬ ፍሬ ብርሃኑን ስለሚያሳልፍ ያምራል። ጨው አስቸጋሪ ነው። እፍግታው ከጤፍ ስለሚበልጥ ትንሽ ነፋስ እንኳ ይጥለዋል።

ዕቃው መሃል ላይ ያለው ኖድ ላይ መቀመጡ ይሻላል። ሁለቱን ጎድጓዳዎች በተቃራኒ ፌዝ (የሞገዱ የመነሻ ጊዜ ተገልብጦ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እንዲስብ) ካነዳናቸው ልክ መሃሉ ኖድ ይሆናል። ሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ ቀኑ ሲሞቅም ሲበርድም ያ ኖድ ከቦታው አይነቃነቅም። ከመሃል አምስተኛው ኖድ ግን በ18 እና በ30 ዲግሪ መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊሆን ትንሽ የቀረው ይሸሻል።

ደረጃ 5፦ የውሃ ጠብታ

ውሃ ከጤፍ ይቀላል፣ ግን ጠባዩ ከባድ ነው። ጠጣር አይደለም፣ ቅርጹን ይለውጣል። መርፌው ጫፉ የተቆረጠ ስሪንጅ ተጠቀምን። በ12 ቮልት ጠብታው እንደ ምስር ክክ ጠፍጣፋ ሆነ፣ ጠርዙ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ተበተነ። ሌንሱ ሁሉ ረጠበ። ጠብታውን አንድ ላይ የሚይዘው የገጽ ውጥረቱ ነው፤ የድምፁ ግፊት ሲበልጠው ይፈነዳል። ቮልቱ ሲወርድ ደግሞ ጠብታው ይወድቃል። በመካከል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት። እኛ ጋ ከ10 እስከ 11 ቮልት መካከል ሆነች፣ ጠብታውም ከ2 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት።

መብራት ሲጠፋ ባለ 12 ቮልት የባጃጅ ባትሪ አገናኘን። በቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ከ14 ቮልት ሊያልፍ ስለሚችል ድራይቨሩ ላይ ያለውን የ5 ቮልት ጃምፐር (ትንሽ ማገናኛ) ነቅለን ናኖውን በሞባይል ፓወር ባንክ አስነሳን። ያልጠበቅነው ጥቅም ተገኘ፤ ጠብታው ከአዳፕተሩ ይልቅ በባትሪ በጣም ረጋ አለ። የድሮው አዳፕተር ቮልቱ ይንቀጠቀጥ ነበር ማለት ነው። አሁን ለጠብታ ባትሪ ብቻ ነው የምንጠቀመው፣ ቮልቱን ወደዚያች ጠባብ ቦታ ዝቅ አድርገን።

አርጎን ብሔራዊ ላብራቶሪ፣ አሜሪካ፣ መድኃኒት የሚያጠኑ ሰዎች በዚሁ መንገድ የመድኃኒት ጠብታ አንሳፍፈዋል። ጠብታው የዕቃ ግድግዳ ካልነካ ክሪስታል የሚጀምርበት ቦታ ያጣል። ክሪስታል ያልሆነ መድኃኒት ደግሞ ሰውነት ውስጥ በተሻለ ይሟሟል። ተማሪዎቼ ይህ ነገር ለምን ይጠቅማል ሲሉኝ የምነግራቸው ይህን ነው።

ደረጃ 6፦ ማንቀሳቀስ

የአንደኛውን ጎድጓዳ ፌዝ ስናዘገየው ኖዶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። ፌዙ ሙሉ አንድ ዑደት ሲዞር ኖዱ በግማሽ ሞገድ ይሄዳል፣ 4.35 ሚሊ ሜትር። የእህቴ ልጅ ዑደቱን በ20 ከፈለችው፤ እያንዳንዱ እርምጃ 20 ምት፣ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ። ሁለት ቁልፍ ገጠምን፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች።

በአንድ ጊዜ ብዙ እርምጃ ሲዘለል ጤፉ ይወድቃል፣ ቀጭ የሚል ድምፅም ይሰማል። ፌዙ በድንገት ሲሰበር ለጆሮ የሚሰማ ድምፅ ይወጣል። ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይ በእርምጃዎቹ መካከል 50 ሚሊ ሰከንድ እንዲጠብቅ አደረገችው። አሁን ፍሬዋ ተከትላ ትሄዳለች። ከመሃል ስትርቅ ኃይሉ ይደክማል፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ስትወጣ ብዙ ጊዜ ትወድቃለች። ፎም ግን እስከ ጎድጓዳው አፍ ድረስ ሄዷል።

እስካሁን ያለው ወጪ ከሽቦና ከሶልደር ጋር ከ12,000 ብር ትንሽ ያልፋል። ኦሲሎስኮፑ ውሰት ነው፣ የጋሼ ድካም አልተቆጠረም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ነው። ለዚያ የድራይቨሩ ሁለት ቻናል (መውጫ) አይበቃም፤ እያንዳንዱ ትራንስዱሰር የራሱ ፌዝ ያስፈልገዋል። ማርዞና ባልደረባው ድሪንክዎተር እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ ወገን 256 ትራንስዱሰር አድርገው እስከ 25 ፍሬ ለየብቻ አንቀሳቅሰዋል። እኛ ጎድጓዳውን በ4 ክፍል ከፍለን በሁለት ተጨማሪ ድራይቨር እንሞክራለን። ሽቦውን ጋሼ መፍታት ጀምረዋል። አንዱ ድራይቨር በእጄ አለ፣ ሁለተኛውን ሱቁ ሰኞ ይመጣል ብሎኛል።